ለሌላው የምንከትበው እኛስ መቼ ተከተብን?

ጊጊሪ የሄድነው ለሌላ ጉዳይ ነበር። በስደተኞች ካምፕ የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች ስለ መድኃኒት አቅርቦት ለሁለት ቀን ስንነጋገር ቆየን። በሁለተኛው ቀን በምሳ ሰዓት፣ ከካሩራ ደን ብዙም ከማይርቅ አንድ የግል ክሊኒክ ገብቼ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተወጋሁ። ፎርም ሞላሁ፣ ከፈልኩ፣ 15 ደቂቃ ተቀምጬ ወጣሁ። በጤና ሙያ 19 ዓመት ስሠራ ይህን ክትባት ስወስድ የመጀመሪያዬ ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሕፃን እንደከተብኩ ግን ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምና የዩኤን ሃቢታት ዋና መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። ስለ ካምፖቻችን ብዙ ስብሰባ የሚደረገውም እዚያ ነው። በዚያ ሰፈር ለሚውል ሰው ይህ ክትባት የምሳ ሰዓት ጉዳይ ነው። ካኩማ ወይም ዳዳብ በሌሊት ተረኛነት ለምትሠራ ነርስ ግን እንደዚያ አይደለም። በሽተኛውን በእጁ የሚነካው ሳይከተብ፣ ስለ በሽተኛው ሪፖርት የሚያነበው ተከትቦ የሚገኝ ከሆነ ነገሩ ተገልብጧል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴም መናገር አለብኝ። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ካምፕ ውስጥ፣ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይዞኝ ተነሣሁ። ተረኛ የሚተካኝ አልነበረም፤ ፓራሲታሞል ውጬ ገባሁ። ሦስት ቀን እንዲሁ ሠራሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ከስድስቱ አልጋዎች በሁለቱ ላይ የተኙት ሕፃናት ማሳልና በኃይል መተንፈስ ጀመሩ። አንዷ ዳነች። ሌላውን አራት ወሩ ነበር፤ አልተረፈም። ናሙና አልተወሰደምና ከእኔ ተላልፎ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ አይደለም ብዬም መማል አልችልም። እናቱ ስትወጣ አመስግናኝ ሄደች።

ይህን ክትባት ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን መስጠት አይቻልም። ስለዚህ ያ ልጅ ሊጠበቅ ይችል የነበረው እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ብትከተብ ወይም በዙሪያው የነበርን ሰዎች በሽታውን ባናመጣበት ብቻ ነበር።

ከችግሩ አንዱ ክፍል ቋንቋችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በአማርኛ አፍንጫን ከሚያስነጥሰው አንስቶ ሳምንት እስከሚያስተኛው ድረስ ሁሉንም «ጉንፋን» ብለን እናልፈዋለን። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል እንላለን። ኢንፍሉዌንዛ ግን ራሱን የቻለ ቫይረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በየዓመቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው በጽኑ ይታመማል፤ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚደርስ ደግሞ በመተንፈሻ አካል ችግር ይሞታል። አያቶቻችን ልዩነቱን ያውቁት ነበር፤ ስም አውጥተውለታልና። በ1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1918) አዲስ አበባን የመታው «የኅዳር በሽታ» ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰው ከዚያ የቀረ ነው። (ጭሱ አስም ላለበት ሰው ደግ አይደለም፤ ቆሻሻ መጥረጉ ግን ይቀጥል።)

«ይህ የብርድ አገር በሽታ ነው» የሚሉ ባልደረቦችም አሉ። አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 በዳዳብና በካኩማ በተደረገው የመተንፈሻ አካል በሽታዎች ቅኝት፣ ከተመረመሩት ናሙናዎች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ቫይረስ ተገኝቶባቸዋል፤ ኢንፍሉዌንዛም ከእነርሱ አንዱ ነበር። በኬንያ ቫይረሱ እንደ አውሮፓ ክረምት ጠብቆ አይመጣም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲዘዋወር ይገኛል። አምስትና ስድስት ሰው በአንድ መጠለያ ሲያድር፣ ለውኃና ለራሽን ሲሰለፍ፣ ምን ያህል እንደሚመቸው ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ታዲያ ለምን አንከተብም? ባልደረቦቼን ስጠይቅ በብዛት የምሰማው «ክትባቱ ራሱ ያስይዛል» የሚለውን ነው። በእኛ አካባቢ የሚሰጠው የመርፌ ክትባት የሞተ ቫይረስ ነው፤ በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም። ክንድ ያማል፣ አንዳንዱን ለአንድ ሁለት ቀን ቀለል ያለ ትኩሳት ይሰማዋል። መከላከያው ተገንብቶ እስኪያልቅ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ በዚያ መካከል የተያዘ ሰው መርፌውን ይከሳል። ቀደም ሲል ለዚሁ ክትባት ከባድ አለርጂ ያሳየ ሰው ግን መውሰድ የለበትም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ከኮቪድ ዘመን የተረፈ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኬንያም ኢትዮጵያም ክትባት ሲጀምሩ መጀመሪያ ከተሰለፉት ውስጥ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት ማላዊ ጊዜው ያለፈበትን ወደ 20 ሺህ ዶዝ አቃጠለች፤ ናይጄሪያም ከአንድ ሚሊዮን በላይ አስወገደች። «ለእኛ የሚላከው ሊበላሽ የደረሰው ነው» የሚል ሰው ይህን አይቶ ነው የሚናገረውና አላዋቂ ብሎ መገሠጽ ተገቢ አይመስለኝም። ብልቃጡን አውጥቶ ቀኑን ማሳየት ይሻላል። ለኢንፍሉዌንዛ ይህ በተለይ ያስፈልጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ይዘት በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በመስከረም፣ ለሰሜኑና ለደቡቡ ንፍቀ ክበብ ይወስናል። ኬንያ ደግሞ የምድር ወገብ የሚያልፍባት አገር ናት። ስለዚህ የሚያዝዘው ክፍል የትኛው እንደመጣና መቼ እንደሚያበቃ በግልጽ ይለጥፍ።

እኛ ደግሞ አናጋንን። ይህ ክትባት ከቫይረሱ ጋር በደንብ በተመሳሰለበት ዓመት እንኳ የሚከላከለው ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህል ነው። የተከተበውን ሠራተኛ እንደሚጠቅም ማስረጃው ጠንካራ ነው። የሠራተኛው መከተብ በሽተኛውን ምን ያህል እንደሚያድን ግን ጥናቶቹ በአብዛኛው በአረጋውያን መጦሪያዎች የተሠሩ ናቸው፤ ተመራማሪዎችም ይከራከሩበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 የጤና ሠራተኞችን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው መካከል መድቧቸዋል። እኔም የምስማማው ለዚህ ነው፤ ግማሽ መከላከያ ከምንም ይሻላል፣ በተለይ ሌላ መከላከያ ለሌለው የአራት ወር ሕፃን።

ማስገደድስ? በአሜሪካ ሲያትል የሚገኘው ቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2005 ክትባቱን ለሠራተኛው ሁሉ ግዴታ አድርጎ ከ97 በመቶ በላይ አስከትቧል። ውጤቱ ያስቀናል። ነገር ግን በኢንሴንቲቭ የሚሠራ ስደተኛ እምቢ ለማለት ያለው ነፃነት ከሲያትል ነርስ ጋር አንድ አይደለም። ሥራውን ላለማጣት ብሎ የተወጋ ሰው ወደ ብሎኩ ተመልሶ የሚያወራውን እናውቃለን፤ የሕፃናቱም ክትባት አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ በግዴታ አላምንም።

የምጠይቀው ሌላ ነው። የአቅርቦት ክፍሎች ክትባቱን ለሠራተኛ ብለው በበጀት ይያዙት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚይዘው ማቀዝቀዣ ለሕፃናቱ ክትባት ተብሎ አሁንም አለ። ሠራተኛው ወደ ክትባቱ ከሚመጣ ክትባቱ በቀዝቃዛ ሳጥን ወደ ተኝቶ መታከሚያው ይሂድ፤ ማታም ይሂድ፣ የሌሊት ተረኞች ሁልጊዜ ይረሳሉና። ኃላፊው በሠራተኛው ፊት ቀድሞ ይወጋ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትኩሳት ያለው ሠራተኛ አበሉ ሳይቆረጥ ቤቱ እንዲተኛ ይፈቀድለት። እኔን በዚያን ቀን ወደ ክፍሉ ያስገባኝ የክትባት እጥረት ብቻ አልነበረም።

ከጊጊሪ ተመልሼ ይህን ለባልደረቦቼ ስነግር፣ ክፍሉን የሚያጸዱት እናት መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመው ያዳምጡ ነበር። ስጨርስ «ልጄ፣ እኔስ የጤና ሠራተኛ እባላለሁ?» አሉኝ። በቀን ሁለት ጊዜ በእያንዳንዱ አልጋ ሥር ጎንበስ ብለው የሚጠርጉት እርሳቸው ናቸው። የሚከተቡ ሰዎችን ዝርዝር ስናዘጋጅ ስማቸውን በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍኩት።