የአሮጌ ቮልስዋገን ውስጧ እንደ ጥንቱ ይሁን

በከተማችን አሮጌ ቮልስዋገን የሚያሳድሱ ሰዎችን ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ደስታዬ ሙሉ አይደለም። ከውጭ ሲያዩዋት በጥንት ቀለሟ ተቀብታ፣ ኒኬሏ ተወልውሎ የቆመችው መኪና በሯ ሲከፈት ሌላ ሆና ትገኛለች። ወንበሯ ቀይ ቆዳ ለብሷል፤ ወለሏ ላይ ወፍራም ምንጣፍ በሙጫ ተለጥፏል፤ ጣሪያዋ እንደ ሠርግ አዳራሽ አጊጧል። የእኔ አሳብ እንዲህ ነው፤ የአሮጌ መኪና ውስጧ ከፋብሪካ ስትወጣ እንደ ነበረው መመለስ ይገባዋል፤ የጥንቱ ልባስ ገና በደኅና ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ፈጽሞ ባይነካ ይሻላል።

ስለ ወንበርና ስለ ጣሪያ ጨርቅ ይህን ያህል መጨነቅ የሥራ ፈት ነገር ነው የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። ለእርሱ አንድ ነገር ላስታውሰው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን በወረዱበት ዕለት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተሳፍረው የወጡት በቮልስዋገን ነበር። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ስላላት ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱ ወንበር ወደ ፊት ታጥፎለት፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ ይገባል፤ ለተማሪም ለንጉሥም ያው ነው። ይህን ታሪክ በመጽሐፍ ያነበበ ልጅ በአንዲት ያልተነካች ቮልስ የኋላ ወንበር ለአምስት ደቂቃ ቢቀመጥ፣ ጥበቱንና የጣሪያውን ዝቅታ በገላው ያውቀዋል። ከዘመናይ መኪና የተነቀለ መቀመጫ በገባባት ቮልስ ውስጥ ግን የሚያውቀው ነገር የለም።

ቮልስ ብርቅ መኪና አይደለችም፤ ይህ እውነት ነው። የመጨረሻይቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ ላይ ስትሠራ ጠቅላላው ቊጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር። ነገር ግን የሕዝብ መኪና በመሆኗ ሰው እስኪበቃው ተቀምጦባታል፤ ቆሻሻ ጭኖባታል፤ ልጅ አሳድጎባታል። ስለዚህ ገላዋ የተረፈ ብዙ ሲሆን፣ ውስጧ እንዳለ የተረፈ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሙያው ልግባ፤ ክርክሬ የቁንጅና ብቻ አይደለምና። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ከበላዩ ያለው ወንበር ደግሞ በብረት ሞላ የተሠራ ሲሆን፣ በሞላው ላይ በጎማ ሙጫ የተያያዘ የእንስሳ ፀጉርና የኮኮናት ቃጫ ተነጥፎበታል። ፋብሪካው ይህን አስቦ በባትሪው ላይ መክደኛ አድርጎበት ነበር። በብዙ ቮልሶች ያ መክደኛ ከጠፋ ቆይቷል። መክደኛው ሳይኖር፣ ይልቁንም ከጥንቱ ከፍ ያለ ባትሪ ገብቶ ሳለ፣ ከኋላ ወፈር ያለ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ዝቅ ብሎ የባትሪውን ጫፎች ይነካል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ በሞላው በኩል ያልፋል፤ ሞላው ይግላል፤ ከላዩ ያለው ደረቅ ቃጫም ይያያዛል። በዚህ ዓይነት የተቃጠሉ ቮልሶች በብዙ አገር አሉ። እንግዲህ ስንት ብር አውጥቶ ወንበሩን ቀይ ቆዳ ያለበሰ ሰው፣ ያቺን ተራ መክደኛ ካልመለሰ፣ መኪናውን አሳደሰ ይባላልን?

የወለሉም ነገር እንዲሁ ነው። የጥንቱ የእግር ምንጣፍ ጎማ ነው፤ ክረምት ውሃ ሲገባ አንሥቶ ማድረቅ ይቻላል። በስፖንጅ ላይ የተለጠፈው ወፍራም ምንጣፍ ግን ውሃውን ጠጥቶ ይይዘዋል፤ ላሜራውም ማንም ሳያየው ከሥሩ ይበላል። ጣሪያው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። የጣሪያው ልባስ በብረት ዘንጎች ተወጥሮ ጠርዙ ወደ መስኮቶቹ ጎማ ሥር የሚገባ ስለ ሆነ፣ በትክክል ለመሥራት የፊቱና የኋላው መስተዋት መውጣት አለባቸው። ይህን ድካም የሸሸ ሠራተኛ ጨርቁን በሙጫ ይለጥፈዋል። የበጋ ፀሐይ ሙጫውን ሲያላቅቀው ጨርቁ በተሳፋሪው ራስ ላይ እንደ ድንኳን ይወርዳል።

ጥንት ምን እንደ ነበረ በምን ይታወቃል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ወንበሩን ገልብጦ ልባሱ ከብረቱ ሥር የታጠፈበትን ጠርዝ ማየት ነው፤ ፀሐይ ያልነካው እውነተኛው ቀለም በዚያ ይገኛል። የሻንሲው ቊጥርም ከዚያው ከኋላ ወንበር ሥር በመካከለኛው ብረት ላይ ተመትቷል። በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም ይህን ቊጥር ይዞ ለጠየቀ ባለ መኪና፣ መኪናዪቱ የተሠራችበትን ቀንና የቀለሟን ዓይነት የሚገልጽ የልደት ወረቀት ሲሰጥ ኖሯል።

ይህ ክርክር በቤታችን ውስጥ ያለ ነው። ከአያቴ የቀረችን ቮልስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 የተሠራች ናት። የወንበሯ ልባስ እንደ ሰፌድ ስፌት ያለ ጥልፍልፍ የታተመበት ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን፣ ከሾፌሩ ወንበር ጠርዝ በቀር አልተቀደደም። አጎቴ ለእድሳቱ ግማሹን ወጪ የሚችል እርሱ በመሆኑ «የሚቀመጡባት መኪና እንጂ የሚሳለሟት ታቦት አይደለችም» ይላል። አባቴም ዝም ይላል። ወንበር ሰፊው ጋሼ ደግሞ እንደ ሰፌድ ያለው ፕላስቲክ በገበያ ስለማይገኝ ቀይ ቆዳው ይቀልላል ብለውናል። የእርሳቸውን ችግር እረዳለሁ። ይሁን እንጂ የተቀደደውን አንድ ቁራጭ ብቻ በተመሳሳይ ጥቁር ፕላስቲክ ቢተኩት፣ አሮጌውንም ሳይጥሉ ለመቁረጫ ልክ ቢያስቀምጡት፣ ከመላው ልባስ መለወጥ የሚያንስ ሥራ ነው። እጃቸው ለዚህ አያንስም፤ ሲሠሩ አይቻለሁ።

በአንድ ነገር አጎቴ እውነት አለው። የደረት ቀበቶ በመኪናችን ውስጥ የለም፤ እኔም ለጥንትነት ስል ታናሽ እኅቴ ያለ ቀበቶ ትቀመጥ አልልም። እርሱ ይግባ። ደግሞም አያቴ እማማ በእጃቸው የሠሩት የወንበር ራስ ዳንቴል አለ። ከፋብሪካ አልመጣም፤ ነገር ግን ከቦታው እንዳይነሣ እሟገታለሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የዓለም ጥንታዊ መኪናዎች ፌዴሬሽን ያጸደቀው የቱሪን ቻርተርም መኪና በዕድሜዋ ያገኘችው ለውጥ የታሪኳ ክፍል ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ዳንቴሉ ተነሥቶ ይታጠባል፤ ተመልሶም ይቀመጣል፤ ከሥሩ ያለውን አልጎዳም። ቀይ ቆዳው ግን የሚገባው አሮጌው ተቀዶ ከተጣለ በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህን መጽሔት የምታነቡ ወላጆችና መምህራን፤ በየዕቃ ቤታችሁ የአሮጌ ቮልስ የባትሪ መክደኛ ወይም የእግር ጎማ ወድቆ እንደ ሆነ፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል በኩል ብታስታውቁኝ ዋጋውን ከፍዬ እወስዳለሁ። አጎቴ ከወንበር ሰፊው ጋር ቀጠሮ የያዘው ለሐምሌ መጀመሪያ ነውና እስከዚያ ቢደርሰኝ መልካም ነው።