መዝገቡ ለስሙ ነው ወይስ ስሙ ለመዝገቡ

ሰው ስሙን ከወላጆቹ ይቀበላል እንጂ ከጽሕፈት ቤት አይቀበልም። ይሁን እንጂ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ከሚመላለሰው ባለጉዳይ ጥቂት ያልሆነው፣ በልደት የምስክር ወረቀቱ፣ በትምህርት ማስረጃውና በፓስፖርቱ ላይ የተጻፈው ስም እርስ በርሱ አልስማማ ብሎት፣ እርሱ ራሱ መሆኑን ለማስረዳት የሚደክም ነው። ለድካሙ የሚታዘዝለት መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ‹‹ስምህን በፍርድ ቤት አስለውጥ›› ይባላል። መድኃኒቱ ግን በሽታውን ያላየ ሐኪም ያዘዘው ይመስላል።

ገብረ መድኅን የሚባል ሰው አለ እንበል፤ አባቱም ወልደ ማርያም ይሁን። ሁለቱም ስሞች በሁለት በሁለት ቃል ይጻፉ እንጂ እያንዳንዳቸው አንድ ስም ናቸው። የቸኮለ ጸሐፊ ግን ‹‹ስም›› በሚለው ሥፍራ ገብረን፣ ‹‹የአባት ስም›› በሚለው መድኅንን፣ ‹‹የአያት ስም›› በሚለው ወልደን ያገባል፤ ማርያም ሥፍራ አጥታ ትቀራለች። በዚህ ጊዜ ወልደ ማርያም በወረቀት ላይ ልጁን አጣ፤ ልጁም መድኅን የሚባል ከቶ ያልነበረ አባት አገኘ። ጒዳቱ የሚታወቀው ወልደ ማርያም ሞቶ ቤቱ ለወራሽ ሊተላለፍ ሲል ነው። ዳኛው በፊቱ የሚያያቸው ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸውና፣ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ልጅ በአባቱ ቤት ላይ እንግዳ ይሆናል።

በፊደልም በኩል ሌላ ጣጣ አለ። ኃይለ የተባለው ስም በሃሌታው፣ በሐመሩና በብዙኃኑ ‹ሀ› ሲጻፍ ይታያል፤ ለጆሮ አንድ ሲሆን ለኮምፒዩተር ሦስት ሰው ነው። የላቲኑ ፊደል ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ይህንንም በአስመራና በምጽዋ የኖሩ ቤተሰቦች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። እስከ 1941 እ.ኤ.አ. በቈየው የጣሊያን አስተዳደር የተጻፈ ወረቀት፣ የገብረ መድኅንን ስም ‹ጂ› ከተባለችው ፊደል ጋር ‹ኤች›ን አጣምሮ፣ የወልደ ማርያምን ደግሞ በ‹ዩ› ጀምሮ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የመጣው እንግሊዝኛ የተማረ ጸሐፊ ‹ኤች›ን አብዛኛውን ጊዜ አስወገደ፤ የ‹ዩ›ንም ሥፍራ ለ‹ደብልዩ› ሰጠ። ከ1952 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በነበረው የፌዴሬሽን ዘመን የኤርትራ አስተዳደር በትግርኛና በዐረብኛ ሲጽፍ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በአማርኛ ይጽፍ ነበር። አንድ ሰው ከመንደሩ ሳይርቅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በወረቀት ላይ ብዙ ሰው ሆነ። ስሙን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልለወጠም፤ የተለዋወጡት ጸሐፊዎቹ ናቸው።

የ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልዩነት አልሳተውም። የስምን መለወጥ በአንድ ሥፍራ፣ በክብር መዝገብ ላይ የገባውን ስሕተት ማቃናትን በሌላ ሥፍራ ለይቶ ደንግጓል። ነገር ግን ያው ሕግ በመጨረሻው ክፍሉ የክብር መዝገቡ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጁ ድረስ እንዲቈዩ ስላደረገ፣ መዝገቡ ሳይከፈት ከሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ. ም. ሲሆን ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ. ም. ነው። በመካከሉ የሕዝቡ ስም በክርስትና ወረቀት፣ በትምህርት ቤት መዝገብና በኋላም በቀበሌ መታወቂያ ላይ እንደየጸሐፊው እጅ ሲኖር ቈየ። በ2015 ዓ. ም. በዐዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ እነዚህን ወረቀቶች ፊት ለፊት ሲያገናኛቸው፣ የስልሳ ዓመት የእጅ ስሕተት አብሮ ብቅ ቢል ምን ያስደንቃል?

ሹማምንቱ የሚሰጡት ምክንያት ከንቱ አይደለም። ከዕዳና ከፍርድ ለማምለጥ ስሙን እንደ ልብስ የሚቀያይር ሰው አለ፤ እርሱን የሚያግደው ዳኛ ነው። ዳሩ ግን ገብረ መድኅን ‹‹ስሜን ለወጥሁ›› ብሎ ቢያመለክት ያላደረገውን አደረግሁ ማለቱ ነው። ‹‹ለውጥ›› የሚለውም ቃል ራሱ በባዕድ ቆንስላ ዘንድ ጥርጣሬ ያስነሣበታል፤ አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም የማይጋሩበትን ሥርዐት ለማያውቅ ሹም ይህ ሲጨመርበት ነገሩ ሁሉ ተንኰል ይመስለዋል።

በእውነት ስም የተለወጠበትም ጊዜ አለ፤ እርሱም ይበልጥ ያሳዝናል። ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሥራ ከሄዱት ሴቶች መካከል፣ ክርስቲያን ሆነው ሳሉ ሥራው እንዲቀናቸው በደላላ ምክር የሙስሊም ስም በፓስፖርት ያስጻፉ አሉ። እንዲህ ያለችው ሴት ስትመለስ የደከመችበት ገንዘብ በአንድ ስም፣ የልደትዋና የትምህርትዋ ማስረጃ በሌላ ስም ይሆንባታል። በዚያው ብትሞት ደግሞ እናትዋ በማታውቀው ስም ትረዳለች። ለእርሷ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያሻታል፤ ይኸውም ሳትፈራ ቀርባ የምትናገርበት ችሎት ሊሆን ይገባል።

በ1977 ዓ. ም. እና በ1983 ዓ. ም. ወደ እስራኤል የገቡት የቤተ እስራኤል ልጆች ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸው ነበር፤ ካደጉ በኋላ ወደ አማርኛ ስማቸው የተመለሱም አሉ። የዚያች አገር የ1956 እ.ኤ.አ. የስም ሕግ ለዐዋቂ ሰው በማስታወቅ ብቻ ስሙን እንዲለውጥ ይፈቅድለታል። ስምን መለወጥ እንኳ በማስታወቂያ የሚፈጸምበት አገር ካለ፣ በኢትዮጵያ የጸሐፊን ስሕተት ለማረም ጠበቃ መግዛት ስለ ምን አስፈለገ?

ስሕተቱን የጻፈው መሥሪያ ቤት፣ የክርስትናው ወይም የትምህርት ቤቱ መዝገብና የሚያውቁት ምስክሮች ሲቀርቡለት፣ በራሱ ወጪ ያርም። በታረመው ወረቀት ጀርባ የቀድሞው አጻጻፍ ይቀመጥ፤ አጭበርባሪም ቢኖር ዱካው አይጠፋም። የላቲኑን አጻጻፍ ባለስሙ አንድ ጊዜ ይምረጥና ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች ይከተሉት። ቅጹም ላይ ‹‹ስም›› የሚለው ሥፍራ ገብረ መድኅንን ሙሉውን እንዲይዝ ይስፋ።