ጫጩቷ በሰላም ቤት ትግባ

በዚህ ዓምድ ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግም ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ደግሞ ልጆቻችን ስለሚወዷት ትንሽ እንግዳ ስለ ጫጩት እናውጋ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለልጄ ሦስት የአንድ ቀን ጫጩቶች ከባሕር ዳር ገዝቼ ወደ ይፋግ ተሳፈርኩ። ባለቤቴ «ዘንቢል ያዝ፣ ጭድም ጎዝጉዝበት» ብላኝ ነበር። እኔ ግን «ለዚህች መንገድ ምን ያስፈልጋል?» ብዬ በጫማ ካርቶን ከትቼ ከመቀመጫው ሥር አስገባኋቸው። ሐሙሲትን ስናልፍ ይጮኹ ነበር፤ ወረታ ስንደርስ ዝም አሉ። ተኙ ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ደርሼ ካርቶኑን ስከፍት ሁለቱ ሞተዋል፤ ሦስተኛዋ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ልጄ አላለቀሰችም። «አባዬ፣ ሲጮኹ አልሰማሃቸውም?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ትንሽ ጫጩት የሰውነቷን ሙቀት በራሷ መጠበቅ አትችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ትሻለች። ይህን የምታገኘው ከእናቷ ክንፍ ሥር ነው። በመኪና ስትጓዝ ግን ያ ክንፍ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

1. ዕድሜዋን ጠይቁ። ለጀማሪ ቤተሰብ ላባ ያወጣች የ45 ቀን ጫጩት ትሻላለች። የፈንግል ክትባት መከተቧንም አረጋግጡ።

2. ማረፊያዋን አዘጋጁ። ዘንቢል ወይም ዙሪያውን የተበሳ ካርቶን ይበቃል። ከሥሩ ጭድ ጎዝጉዙ፤ ጋዜጣ ብቻውን ስለሚያንሸራትት እግሯን ይጎዳል። በፌስታል ወይም እግሯን አስሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ መያዝ ፈጽሞ አይገባም።

3. ቦታዋን ምረጡ። ፖርቶ መጋላ ላይና ከዕቃ ሥር አታስቀምጧት። ጉልበታችሁ ላይ፣ ከተከፈተ መስኮትና ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ ያዟት።

4. ድምፅዋን ስሙ። ጫጩቶች ተከማችተው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ዝምታ ሁልጊዜ እንቅልፍ አይደለም። የፎገራን ሜዳ ስታቋርጡ አየር እንዲገባ ክፈቱላቸው። ከወረታ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የምትወጡ ከሆነ ግን ብርዱ ስለሚበረታ ስስ ጨርቅ ደርቡ። ሙቅ ውኃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ በአንድ ጥግ ማድረግም ይጠቅማል፤ ሲሞቃቸው ወደ ሌላው ጥግ ይሸሻሉ።

5. መንገድ ላይ ውኃ አታስቀምጡላት። ውኃው ሲፈስ ታበሰብሳታለች፤ ከዚያ ብርድ ይገድላታል። አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት ከእንቁላሉ አስኳል የተረፈ ስንቅ በሆዷ ስላለ ለአንድና ሁለት ቀን አትራብም። ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ፣ ቀጥሎ መኖ ስጧት። ከቤቱ ዶሮዎች ጋር ሳትቀላቅሉ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩአት። ልጆችም ከነኳት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

በሚቀጥለው ጉዞ ዘንቢሉን ባለቤቴ አዘጋጀች፤ ልጄ ደግሞ ጉልበቷ ላይ ይዛው ተጓዘች። የርብን ድልድይ ስንሻገር «አባዬ፣ ተከማችተዋል፤ በርዷቸዋል» አለችኝ። መስኮቱን ዘግተን ነጠላ ደረብንላቸው። አራቱም በሰላም ይፋግ ገቡ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን የሚማሩት ከምንነግራቸው ይልቅ ደካማውን ስንይዝ ከሚያዩን ነው። ባሎችም፣ ሚስታችሁ «ዘንቢል ያዝ» ስትላችሁ ያዙ። እኔ ሳልሰማ በመቅረቴ የከፈልኩትን አይቻለሁ።

ቸር ይግጠመን።