የቡናው አገርና የከፍተኛ ተማሪው ስንቅ

ትምህርት ያለ ስንቅ እንደማይፈጸም ለኢትዮጵያ ሕዝብ የተሰወረ ነገር አይደለም። የቅኔና የመጻሕፍት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኵፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር ሲዘዋወር፥ በየደጃፉ ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬ የቅኔውን ምስጢር ባያውቀውም የሊቁ አሳዳጊ እርሱ ነበር። በጅማና በዙሪያው ባለው አገርም ከሩቅ ተሰዶ በሼኽ ዘንድ የሚቀራውን ደረሳ መንደሩ ተባብሮ ሲያበላው ኖሯል። እንግዲህ በሁለቱም ወገን ሊቃውንት የተገኙት በመምህሩ ብርታትና በተማሪው ትጋት ብቻ ሳይሆን፥ ስሙ በመጽሐፍ በማይጻፍ በብዙ ሰው እንጀራ ጭምር ነው።

ዛሬ የትምህርቱ ዓይነት ሲለወጥ የስንቁም ዓይነት ተለውጧል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው የዕለት ምግቡን ቢያገኝ እንኳ ሥራውን በእርሱ ብቻ ሊፈጽም አይችልም። ስለ ቡና የሚመረምር ቢሆን ወደ ጌራ፥ ወደ ሊሙና ወደ አጋሮ ደጋግሞ የሚሄድበት የመጓጓዣ ገንዘብ፥ አፈሩንና ቅጠሉን በቤተ ሙከራ የሚያስመረምርበት ዋጋ፥ ከየገበሬው ቤት ቃል ለሚሰበስቡለት ረዳቶች የሚከፍለው አበል ያስፈልገዋል። ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት ጤና የሚያጠናውም እንዲሁ ነው። ከዚህም ጋራ ይህ ተማሪ እንደ ፊደል ቈጣሪ ሕፃን በወላጆቹ እጅ ያለ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ትዳር የያዘ፥ ልጆች የሚያሳድግ፥ ሽማግሌ ወላጆቹንም የሚጦር ነው። ስለዚህ ስንቁ ሲጐድል የሚጐዳው እርሱ ብቻ አይደለም።

ለዚህ ተማሪ ገንዘብ የሚገኝባቸው መንገዶች በአጭሩ አራት ናቸው። የመጀመሪያው የመሥሪያ ቤት ድጋፍ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቋረጥበት ይማርና፥ ሲፈጽም በገባው ውል መሠረት ተመልሶ ያገለግላል። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው ለምርምር የሚመድበው ገንዘብ ነው። ሦስተኛው የውጭ መንግሥታት የሚሰጡት የነጻ ትምህርት ዕድል ሲሆን፥ የጀርመን የትምህርት ልውውጥ አገልግሎት፥ የአሜሪካው ፉልብራይት፥ የአውሮፓ ኅብረቱም ኢራስመስ ሙንዱስ በዚህ የታወቁ ናቸው። አራተኛው የራስ ኪስ ነው፤ ይኸውም ቀን እየሠሩ ማታና በዕረፍት ቀን፥ ወይም በክረምት መማር ነው።

እነዚህ አራቱ በሮች ግን ለሁሉ እኩል የተከፈቱ አይደሉም። የመጀመሪያው አስቀድሞ ሥራ የያዘውን ይቀበላል። ሁለተኛው ከሚያንኳኳው ሰው ብዛት የተነሣ ይጠብባል። ሦስተኛው የውጭ ቋንቋ ጠንቅቆ የሚያውቀውንና ማስታወቂያውን በጊዜው የሚያገኘውን ይመርጣል። አራተኛውም ኪስ ላለው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዋን በከፍተኛ ማዕርግ ፈጽማ ሥራ ሳታገኝ ወደ ሸቤ ወይም ወደ ሊሙ ገነት የተመለሰች የቡና ገበሬ ልጅ ከአራቱ በየትኛው ትገባለች? በአውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ገንዘብ ሳይዝ ገብቶ ይማራል፤ ተመርቆ ደመወዝ ባገኘ ጊዜም ከገቢው እየተቈረጠ ድርሻውን ይከፍላል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ደረጃ ግን የሚወጣበት እንዲህ ያለ መሰላል ገና አልቆመለትም።

የጅማ አገር የከፍተኛ ትምህርትን ጥቅም በዓይኑ አይቶ ያረጋገጠ አገር ነው። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. ሲከፈት፥ ርዳታውና መምህራኑ በአሜሪካ መንግሥት የፖይንት ፎር ስምምነት ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ መጡ። ከዚያ በኋላ በ1983 የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ሁለቱም በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። ዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎቹን ወደ ከተማውና ወደ ገጠሩ ሕዝብ አሰማርቶ በማስተማር ስሙ የታወቀ ሆነ።

ከከተማው አጠገብ በመልኮ ያለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1971፥ ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ አጥቁሮ የሚያረግፈው የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ፤ ፈጥኖም ወደ ብዙው የቡና አገር ተዛመተ። ገበሬው የአባቱን ዛፍ እያየ ምርቱን ያጣ ጀመር። በዚያን ጊዜ ተመራማሪዎች በየጫካውና በየማሳው ዞረው በሽታው ያልደፈራቸውን ዛፎች ለይተው መረጡ፤ በሽታውን ሆን ብለው እያስነኩ ፈተኗቸው፤ የጸኑትን አባዝተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለገበሬው አደሉ። ዛሬ ገበሬው 741፥ 74110፥ 74112፥ 74165 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዘሮች የዚያ ድካም ፍሬዎች ናቸው፤ በቁጥራቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን 1974 ዓ.ም. ያመለክታል። በአጋሮና በማና፥ በጎማና በሊሙ ቤት የሠራ፥ ልጅ የዳረ፥ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ከዚህ ዕውቀት ተካፍሏል።

ይህ የሚነገረው ያለፈውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። አንዳንድ ባለሥልጣን «የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ወንበር ሳይሟላለት፥ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውም ሥራ ሳያገኝ፥ ለተማረው ሰው ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ስለ ምን ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የሕፃናቱን ገንዘብ ወስዶ ለዶክትሬት መስጠትም አይገባም። ነገር ግን የሕፃናቱ ወንበር የሚገዛው ከቡናው ገቢ ነው፤ ቡናውም ከበሽታ የሚጠበቀው በተመራማሪ ነው። ኢትዮጵያ በ2017 የበጀት ዓመት ለውጭ አገር ከሸጠችው ቡና ከ2 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ አግኝታለች። ዝናቡ ጊዜውን ሲለውጥ፥ ሙቀቱ ሲጨምር፥ አዲስ ደዌ ሲነሣ መድኃኒቱን የሚፈልግ ሰው ካልተዘጋጀ፥ ይህን የሚያህል ሀብት ያለ ዘበኛ መተው ነው። ተመራማሪ ደግሞ በሽታው በገባ ማግሥት አይሠራም፤ አስቀድሞ ብዙ ዓመት መማር አለበት።

«የውጭ አገር ሰዎች ያስተምሩልናል» ማለትም በቂ መልስ አይሆንም። የቤልጅግ ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብረው ብዙ መምህራን ለዶክትሬት እንዲበቁ ረድተዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት ሁሉ የተቈረጠ ዘመን አለው። ሰጪው አሳቡን የለወጠ እንደ ሆነም ከዘመኑ በፊት ይቆማል፤ ጥንት የጅማን እርሻ ትምህርት ቤት የረዳው የአሜሪካ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. የውጭ ርዳታ መሥሪያ ቤቱን ሲዘጋ በብዙ አገር የተጀመረ ሥራ በመካከል ቀርቷል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ ከውጭ የሚመጣው የቤተ ሙከራ ዕቃ ዋጋው ንሯል። ስለዚህ የአገር ስንቅ ይልቁን ዛሬ ያስፈልጋል።

ሌሎች የቡና አገሮች ይህን እንዴት እንዳደረጉት መመልከት ይጠቅማል። የኮሎምቢያ ቡና አምራቾች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. ማኅበር አቋቁመው፥ በ1938 የራሳቸውን የቡና ምርምር ቤት ከፈቱ፤ ወደ ውጭ ከሚላከው ቡና ላይ በሚከፈል መዋጮም ሲያስተዳድሩት ኖረዋል። ጐረቤት አገር ኬንያም በ1995 የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ አቋቁማለች፤ ቦርዱም ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ጭምር ያበድራል። ለኢትዮጵያም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ በ1940 ዓ.ም. በታወጀው የትምህርት ግብር ባለመሬቱ ለጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ይከፍል ነበር። በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንም ከውጭ ገዢዎች ከሚያገኘው ተጨማሪ ዋጋ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አሠርቷል። ትምህርት ቤት ለማሠራት የበቃ እጅ መምህር የሚያስተምርና ቡና የሚመረምር ሰው ለማስተማርም ይበቃል።

እንግዲህ የሚሻለው የጅማና የዙሪያው የቡና ከተሞች በአንድነት ለከፍተኛ ተማሪ የሚሆን አንድ የታወቀ ሣጥን እንዲያቆሙ ነው። የገበሬዎቹ ማኅበራት፥ ቡና ላኪዎችና ነጋዴዎች፥ ባንኮች፥ ወረዳዎችና ከተሞች በየአቅማቸው በዓመት ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ ለአንዱም ሸክም አይሆንም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። ገንዘቡ በባንክ ይቀመጥ፤ ሒሳቡ በየዓመቱ ተመርምሮ በአደባባይ ይነገር። ከፊሉ ለችግረኛ ተማሪ በነጻ የሚሰጥ፥ ከፊሉም ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በጥቂቱ የሚመልሰው ብድር ቢሆን ሣጥኑ አይነጥፍም።

የምርጫው ነገር ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአንድ ሹም ዘመድ፥ የአንድ ነጋዴ ልጅ እየተመረጠ የሚሄድበት ከሆነ የሰጠው ሰው ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት እጁን ይሰበስባል። ስለዚህ ማስታወቂያው በየወረዳው ጽሕፈት ቤት፥ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ይለጠፍ፤ የአመልካቹ ውጤትና ችግሩ በዩኒቨርሲቲው መምህራንና በአገር ሽማግሌዎች ፊት ይታይ፤ የተመረጡትና የተመረጡበት ምክንያት ይገለጥ። ለሴቶች ተማሪዎችም የተወሰነ ድርሻ አስቀድሞ ይቀመጥላቸው፤ ቡናውን በመልቀምና በማድረቅ ከወንዱ እኩል የሚደክሙት ሴቶች ናቸውና።

ደግሞም ገንዘብ መስጠት ብቻ ሳይሆን በጊዜው መስጠት ያስፈልጋል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ቡናው በብዙው ስፍራ የሚለቀመው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ስለ ቡና ለቀማ የሚመረምር ተማሪ ገንዘቡ ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲተላለፍ ዘግይቶ በጥር ቢደርሰው፥ ፍሬው ከዛፉ ወርዶ ያገኘዋል፤ ሌላ ዓመት ሙሉም ይጠብቃል። በዚያ ዓመት የቤት ኪራዩ አይቆምም፤ ልጆቹም መብላታቸውን አይተዉም። ሹሙ ፊርማውን ሁለት ወር ያዘገየ እንደ ሆነ የተማሪውን አንድ ዓመት እንደ ወሰደበት ይወቀው። መሥሪያ ቤቶችም ያስተማሩትን ሰው ሲመለስ በተማረበት ሥራ ላይ ማኖር ይገባቸዋል፤ የአፈር ሊቅ አስተምሮ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ማድረግ ገንዘብን ወደ ወንዝ መጣል ነው።

የተማሪውም ግዴታ ቀላል አይደለም። የሕዝብን ስንቅ የበላ ሰው ለሕዝብ መልስ አለበት። ጥናቱን ሲፈጽም በመደርደሪያ ላይ ትቶት እንዳይሄድ፥ ውጤቱን ገበሬው በሚያውቀው ቋንቋ፥ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፥ በአጭሩ ጽፎ ጥናቱን ባደረገበት ቀበሌ ቆሞ ያስረዳ። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ጽሑፍ ያቀረበ፥ ወይም ገንዘቡን ተቀብሎ ሥራውን የተወ ደግሞ የወሰደውን ይመልስ።

ካህናትና ሼኾች በዚህ ነገር የሚበልጥ ሥልጣን አላቸው፤ ተማሪን መመገብ ጽድቅ መሆኑን ሕዝቡን ያስተማሩት እነርሱ ናቸውና። ያንኑ ትምህርት ዛሬ በቤተ ሙከራና በሐኪም ቤት ለሚማረው ልጅ ቢያውሉት ሕዝቡ ይሰማቸዋል። ባለሥልጣኖችም ሕጉንና ደንቡን አዘጋጅተው መንገዱን ይጥረጉ። የዘንድሮው ለቀማ ተፈጽሞ ሒሳብ በሚተሳሰብበት ጊዜ፥ በጅማ፥ በአጋሮና በሊሙ ገነት ያሉት ማኅበራትና ነጋዴዎች በአንድ ስብሰባ ተገኝተው የመጀመሪያውን መዋጮ ቢወስኑ፥ በሚመጣው መስከረም ጥቂት ተማሪዎች ስንቃቸውን ይዘው ወደ ሥራቸው ሊወጡ ይችላሉ።