የአይጥ ፍቱኑ መርዝ ሳይሆን ሲሚንቶ ነው

ዛሬ ፖለቲካ የለም፣ ስለ አይጥ ነው የማወራው። «ይሄ ታክሲ ነጂ ደግሞ ምን ነካው» የምትል ካለህ እለፈው። ሌሊት ኪችንህ ውስጥ ኮሽ የሚል ነገር ካለ ግን አንብበው።

እዚህ ዲሲና ሜሪላንድ ስንቱን ሐበሻ ከሥራ ወደ ቤቱ አድርሻለሁ። ወሬ ወሬን ሲያነሳ የአይጥ ነገር ይመጣል። «ለላንድሎርዱ ነገርከው?» ስል መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ኧረ ተወኝ፣ ቆሻሾች ናቸው እንዲለን?» እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ይሉኝታ ነው። አይጥ ሀብታምና ድሃ አይለይም፣ ቀዳዳና ፍርፋሪ ካገኘ ይገባል። ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንፃ ደግሞ አይጥ ማጥፋት በአብዛኛው የባለቤቱ ግዴታ ነው። ኪራይ እየከፈልክ የምታፍረው አንተ፣ ግድግዳው የተቀደደው የእሱ!

እና ያፈረው ሰው ምን ያደርጋል? መርዝ ይገዛል። አንዳንዱ ከመደብር፣ አንዳንዱ ጭራሽ ምን እንደሆነ ያልተጻፈበት፣ ከሰው እጅ በፌስታል የተቀበለውን። ሕፃን በዳዴ በሚሄድበት ቤት፣ ከምድጃው ሥር ይበትነዋል።

ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች የሚሠሩት ደም እንዳይረጋ በማድረግ ነው። ጉበት ለደም መርጊያ ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል፣ መርዙ ያንን መንገድ ይዘጋዋል፣ ከዚያ ውስጥ ለውስጥ መድማት ይመጣል። ይሄ ግን ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ልጅ ቢቀምሰው ማታውን ደህና ሆኖ ሲጫወት ልታዩት ትችላላችሁ። «ምንም አልሆነም» ብላችሁ እንዳትተኙ። አሜሪካ ያላችሁ 1-800-222-1222 ደውሉ፣ የመርዝ መረጃ ማዕከል ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል፣ አስተርጓሚም ጠይቁ። ራሱን የሳተ ወይም የሚደማ ከሆነ ግን በቀጥታ 911። የመርዙን እሽግ አትጣሉት፣ ሐኪሙ ይፈልገዋል።

መርዝ አይጡ ጋ ብቻ አይቆምም። ኒው ዮርክ ከእንስሳት ማቆያ ያመለጠውን ፍላኮ የሚባል ጉጉት ታስታውሳላችሁ? ከተማው አንድ ዓመት ሙሉ ሲያደንቀው ኖሮ የካቲት 2024 ሞተ። ሲመረመር ከእርግብ ከያዘው ቫይረስ ሌላ አራት ዓይነት የአይጥ መርዝ ሰውነቱ ውስጥ ተገኘ። የተመረዘ አይጥ መብላት እንዲህ ነው። ግድግዳ ውስጥ የሞተው አይጥ ሽታ ደግሞ ያየው ያውቀዋል፣ አልዘረዝርም።

ድመት ግዙ የምትሉም አላችሁ። ብሩክሊን ውስጥ ብዙ አይጠ መጎጥ ባለበት የቆሻሻ ማዘጋጃ ተመራማሪዎች ድመቶችን 79 ቀን በካሜራ ተከታትለው፣ የተያዘው 2 ብቻ ነበር። ድመት ትንሿን አይጥ ትይዝ ይሆናል፣ ከትልቁ ጋር ግን መጣላት አትፈልግም። እኔም ብሆን አልፈልግም።

ታዲያ ምን ይሻላል? አገር ቤት ሕንፃ ስንሠራ የመጀመሪያው ጥያቄ ውሃ በየት ይገባል የሚለው ነበር። አይጥም እንደዚያው ነው። ትንሿ አይጥ 6 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ክፍተት፣ ማለትም እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ታልፋለች። አይጠ መጎጥ ወደ 12 ሚሊሜትር ይበቃዋል። እርሳስ ያዙና ቤቱን ዙሩ፦ የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ግድግዳ የሚገባበት፣ የጋዝ ምድጃው ጀርባ፣ ራዲያተሩ ሥር፣ የውጭ በር ታች። እርሳሱ የገባበት ሁሉ በር ነው። ቧንቧ ሠራተኛ 5 ሳንቲሜትር ቧንቧ ለማሳለፍ 10 ሳንቲሜትር ይበሳና ትቶት ይሄዳል፣ ይሄ በሽታ እዚህም አዲስ አበባም አንድ ነው።

መዝጊያው ላይ አትሳሳቱ። ያ የሚነፋው ፎም ብቻውን አይበቃም፣ አይጥ ይቆረጥመዋል። መጀመሪያ የማይዝግ የብረት ሱፍ ወይም የመዳብ መረብ ጠቅጥቁ፣ ከላይ በሲሚንቶ ወይም በማሸጊያ ድፈኑ። ለትልቅ ቀዳዳ ዓይኑ 6 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ወንፊት። ውስጥ የቀረውን በወጥመድ ያዙ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ይቀመጥ፣ አይጥ መሃል ወለል ላይ አይንሸራሸርም። በጤፍና በበርበሬ የተሞላውን ከረጢት ክዳን ባለው ዕቃ ገልብጡት። ኩሱን በደረቁ እንዳትጠርጉ፣ አቧራው ያሳምማል፦ ጓንት አድርጉ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ርጩበት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በወረቀት አንሱት።

ጓሮ ኖሯችሁ ዶሮ የምታረቡ ደግሞ ይህን ስሙ። ተራ የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያስቀራል እንጂ አይጥ አይከለክልም። አይጠ መጎጥ ሌሊት የተኛች ዶሮ እግር ይበላል። አውራ ዶሯችሁ እግሩ ወይም ኩክኒው ቆስሎ ካገኛችሁት ቶሎ ለዩት፣ ደም ያዩ ዶሮዎች ጎረቤታቸውን ጠቅጥቀው ይጨርሱታል። በንጹህ የጨው ውሃ እጠቡለት፣ የሚደማውን በንጹህ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙ። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። እዚያ መርዝ እንዳትበትኑ፣ ዶሮ ለቅማ ብትተርፍ እንኳ መርዙ ወደ እንቁላሏ ሊያልፍ ይችላል። መኖውን ማታ ማታ አንሱት፣ ወንፊቱንም 30 ሳንቲሜትር ያህል መሬት ውስጥ ቅበሩት።

ተከራዮች ሆይ፣ ለላንድሎርድ በቃል አትንገሩ። ቀዳዳውንም ኩሱንም ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉና በኢሜይል ላኩ። መልስ ከጠፋ ዲሲ ያላችሁ 311 ደውሉ። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ተራ ስጠብቅ ደብዳቤውን አዘጋጅለታለሁ። የቀዳዳችሁን ፎቶም ከታች ለጥፉ፣ በምን እንደሚደፈን እናያለን።