አሉሚኒየም ሳይቀላ ይቀልጣል

በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ፣ በሲግናልና ከእንጦጦ ግርጌ ባሉት መንደሮች ቆራሌው ቤት ለቤት እየዞረ የተጨማደደ ድስት፣ የጎበጠ ትሪና ልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ይገዛል። ይኸው አሮጌ ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ በባለእጆች መዶሻ ሌላ ዕቃ ይሆንና ለገበያ ይቀርባል። የገጠሩ ገበሬም ያረጀበትን በርካሽ ሸጦ የተሠራውን በውድ ይገዛል። ዕቃውን እዚያው መንደሩ ውስጥ ማቃናት የሚችል ባለእጅ ቢያገኝ ግን ገንዘቡ ከኪሱ ባልወጣ ነበር።

ባለእጅ ጠፍቶ አይደለም። ማረሻና ማጭድ የሚሠራ አንጥረኛ በገጠር አለ። ችግሩ አሉሚኒየም የብረት ጠባይ የሌለው መሆኑ ነው። ዝርግ አሉሚኒየም ደጋግመው ሲቀጠቅጡት እየጠነከረ ሄዶ ጠርዙ ይሰነጠቃል። አንጥረኛው ሊያለሰልሰው እሳት ውስጥ ከትቶ እንደ ብረት እስኪቀላ ይጠብቃል። አሉሚኒየም ግን በቀን ብርሃን መቅላቱ ሳይታይ 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቀልጦ ፍሙ ውስጥ ይፈስሳል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች "አይሠራም" ብለው ይተዉታል።

ምልክቱን የሚሰጠው ተራ የልብስ ሳሙና ነው። ዝርጉ በሳሙና ይቀባል፤ ቀለም ወይም ቅባት ካለበት አስቀድሞ ይጸዳል። ከዚያም በጉጠት ተይዞ፣ ወናፍ ሳይበዛበት፣ በፍም ላይ እየተንቀሳቀሰ እኩል ይሞቃል። ሳሙናው ጠቁሮ ሲታይ ሙቀቱ በቅቷልና ወዲያው ይነሣል። ሙቀቱም ከ350 እስከ 400 ዲግሪ ገደማ ነው። የጋለ ማረሻ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ለቤት ዕቃ የሚውለው አሉሚኒየም ግን በውኃ ቢቀዘቅዝም ልስላሴው አይጠፋም። ከቀዘቀዘ በኋላ በተቦረቦረ ግንድ ላይ በእንጨት መዶሻ እየተመታ ለትሪ፣ ለክዳን ወይም ለአክንባሎ ቅርጽ ይያዛል። እንደገና ሲጠነክር ሳሙናው ይደገማል። ከተሽከርካሪ የተነቀለ ቁራጭ ግን ከሌላ ማዕድን ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ዘዴ ላይሠራለት ይችላል። አፉ የተደፈነ ዕቃም ሊፈነዳ ስለሚችል ከእሳት መቅረብ የለበትም።

አሮጌ አሉሚኒየምን አቅልጦ መሥራት አዲሱን ከማዕድን ለማውጣት ከሚፈጀው ኃይል 5 በመቶ ገደማ ብቻ ይጠይቃል። ሳያቀልጡ አለስልሶ ማቃናት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የሚያስፈልገው ጥቂት ከሰል፣ ጉጠት፣ መዶሻና ሳሙና ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከሁሉ አስቀድሞ ለባለእጁ መሥሪያ ጥላ ሊሰጡት፣ በአቅራቢያ ካለ የቴክኒክና ሙያ ተቋም ጋር ሊያገናኙትና ወጣቶች ከሥሩ ሆነው እንዲማሩ ሊያደርጉ ይገባል። ይህ ሁሉ ግን አንጥረኛው በሰፈሩ እየተናቀ አይሆንም። አጼ ምኒልክ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም "ቀጥቃጭ" የሚለው ቃል ለስድብ ሲውል ይሰማል። ልጁ እንዳይሰደብበት የሚፈራ አባት ሙያውን አያወርስም፤ ያልተወረሰ ሙያም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ማኅበሩ ባለእጁን ካከበረ ሙያው ለልጅ ይተላለፋል፤ ዕቃውም እዚያው ይጠገናል።