አይጠየፍን የተጠየፍነው እኛ ነን

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ጎንደር ሄጄ የፋሲልን ግንብ ጐበኘሁ። ተደነቅሁ፤ ፎቶግራፍም ተነሣሁ። ማታ ሻይ ስንጠጣ አንድ የጎንደር ተማሪ፣ «እኔስ ደሴ ብመጣ ምን ታሳየኛለህ?» አለኝ። «የአይጠየፍን አዳራሽ» አልሁት። «ውስጡ እንዴት ነው?» ቢለኝ አንደበቴ ተያዘ። ደሴ ተወልጄ አድጌ ገብቼ አላየሁትማ!

አዳራሹን ያሠሩት በ1906 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ግብር የሚበላበት ቤት ነበር። ባለጸጋውን ከድኻው ሳይለይ ስለሚያስተናግድ «አይጠየፍ» ተባለ ይላሉ ሽማግሎች። ንጉሡ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ፤ አዳራሹ ግን ቆሞ ቀረ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የመኳንንት መብልና መጠጥ ቤት ለእኛ ምናችን ነው?» ይላሉ። እኔ ግን እጠይቃቸዋለሁ፤ ለመሆኑ ድንጋዩን የተሸከመው፣ ለግብሩም እህሉን ያገባው ማን ነው? ባላገሩ አይደለምን? እንግዲያው የአያቶቻችን ላብ ነውና ልናየው ይገባናል።

ወደ ላሊበላ የሚያልፈው እንግዳ ደሴ አድሮ ማልዶ ሲሄድ ማዘጋጃ ቤቱን እንወቅሳለን። ነገር ግን የአገሩ ልጅ ያላየውን እንግዳ እንዴት ይየው?

ስለዚህ ማኅበራችን በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ መርጦ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን በእግር ወደ አይጠየፍ ይውሰድ። ታሪክ የሚያውቁ አንድ አባት ወይም አንድ መምህር አብረውን ይምጡ። አውቶቡስ አያሻም፤ ገንዘብም አያሻም። አዳራሹ ማንንም አልተጠየፈም፤ እኛም አንጠየፈው።